መረታትን ላስተማርሽኝ

ይድረስ ለእትዬ ፍልስፍና፤

ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ የኖረን ሰው «እርስዎ» ማለት ይገባ ነበር። ነገር ግን በእኛ ዘንድ ፈጣሪና እናት አንቱ አይባሉም፤ አንቺንም ከእነሱ ተርታ ባላሰልፍሽም፣ እንደ ባዳ ልርቅሽ አልፈለግኩም። ደግሞም ቦኤቲየስ የተባለ የሮም ሹም በ524 ገደማ እስር ቤት ሆኖ ሞቱን ሲጠብቅ፣ በሴት አምሳል መጥተሽ አጠገቡ እንደቆምሽ ጽፎልሻል። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) እሱ እመቤት ካደረገሽ እኔ እትዬ ብልሽ አትቀየሚኝም።

የተወለድኩት ከእራት በፊት ሙግት በሚቀርብበት ቤት ነው። አባቴ የወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ማታ ጋቢውን ደርቦ ከተቀመጠ በኋላ የዕለቱን ክርክር ይተርክልናል፤ ያ ሲያልቅበት የድሮውን የበላ ልበልሃ ወግ ያነሣል። ተሟጋቹ ኩታውን አደግድጎ፣ ዘንጉን እየወዘወዘ፣ ነገሩን በግጥም እያሰካካ፣ ማር ወይ በቅሎ ተወራርዶ ባላጋራውን ሲያፋጥጥ እኛ ልጆቹ አፋችንን ከፍተን እንሰማለን። ወጉ ሁልጊዜ የሚያልቀው በአንድ ቃል ነው፦ «ረታው!» የተረታው ሰውዬ ወዴት እንደሄደ፣ ያን ማታ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ምን እንዳላት አባባ አንድም ቀን ነግሮን አያውቅም። እኛም አልጠየቅነውም።

ካንቺ ጋር የተዋወቅነው ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ ፍሬሽማን በሚወስደው የሎጂክ ኮርስ ላይ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያኔ የወደድኩሽ ለክፋት ነው። ሰው ሲከራከር የሚሠራውን ስሕተት ሁሉ አንድ በአንድ ስም አውጥተሽለት ሳገኝ፣ አባቴ ዕድሜ ልኩን ሲመኘው የኖረውን ዱላ የጨበጥኩ መሰለኝ። በዚያው ሰሞን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአንድ መጽሐፍ አዟሪ የበርትራንድ ራስልን የምዕራብ ፍልስፍና ታሪክ ገዛሁ። መጀመሪያ በ1945 የታተመ፣ ወፍራም፣ ቀልደኛና አድሏዊ መጽሐፍ ነው፤ ራስል የማይወደው ፈላስፋ ገና አፉን ሳይከፍት ተረትቶ ይገኛል። የእኔ ቅጂ ሽፋኑ በፕላስተር የተጠገነ ነበር፤ የሄግል ምዕራፍ ደግሞ ከነአካቴው ተገንጥሎ ወጥቷል። ሻጩ «እሱን ክፍል ማንም አያነበውም» ብሎ አሥር ብር ቀነሰልኝ።

ለፋሲካ ቤት ገባሁ። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ አባባ ስለ አንድ ጎረቤታችን «ክብር የሌለው ሰው ነው» አለ። እኔም ስጠብቀው የቆየሁት ሰዓት ደረሰ። «አባባ፣ ክብር ማለት ምን ማለት ነው?» አልኩት። ሰው ሲያከብርህ ነው አለ። ሰው ሳያውቅ የሚያከብረው ሌባስ? አልኩ። እንግዲያው ራስን ማክበር ነው አለ። እብሪተኛም እኮ ራሱን ያከብራል አልኩ። ሦስተኛ ሊጀምር አፉን ከፈተና ተወው። ጋቢውን ሰብስቦ ወደ ጓሮ ወጣ፤ በጨለማ የጌሾውን ቅጠል ሲነካካ ይሰማኛል። እናቴ ከረከቦቱ ቀና ሳትል፣ «ረታኸው፤ ቡናው ግን ቀዘቀዘ» አለችኝ።

ግቢ እንደተመለስኩ ራስልን ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና ጀመርኩት። አባባ ያልነገረኝን የተረቺዎች ታሪክ እዚያ አገኘሁት፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽም ስለዚያ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ዛሬ በቱርክ ምድር በምትገኘው በሚሌጦስ ነው። ታሌስ የሁሉ መነሻ ውሃ ነው አለ። የእሱ ደቀ መዝሙር የሚባለው አናክሲማንደር መጣና፣ መነሻውስ ውሃም እሳትም ያልሆነ ወሰን የለሽ ነገር ነው አለ። ቀጥሎ አናክሲሜኔስ፣ የለም፣ አየር ነው አለ። ሦስቱም አልተሳካላቸውም። ግን በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካርል ፖፐር እንዳስተዋለው፣ እዚያች ከተማ ውስጥ የበቀለው ትልቁ ነገር ውሃውም አየሩም አልነበረም። ተማሪ መምህሩን ፊት ለፊት «አይደለም» ሲል መምህሩ ሳይረግመው፣ ተማሪውም ሳይኮበልል አብረው መቀጠላቸው ነው።

ሶቅራጥስን አገሬ ከጥንት ታውቀዋለች። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ በተመለሰው በአንጋረ ፈላስፋ ውስጥ ምክር የሚለግስ ጠቢብ ሆኖ ይገኛል። የፕላቶ ሶቅራጥስ ግን ምክር አይሰጥም፣ ይጠይቃል። ጎርጊያስ በተባለው ድርሰት ላይ ከመርታት ይልቅ መረታት ይሻለኛል የሚል ሐሳብ ያነሣል፤ ሌላውን ከስሕተት ከማላቀቅ ራስን ማላቀቅ ይበልጣልና። መጀመሪያ ሳነበው የሚያሾፍ መስሎኝ ነበር። ምናልባትም እያሾፈ ይሆናል፤ ከሶቅራጥስ ጋር እርግጠኛ መሆን አይቻልም። በ399 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አምስት መቶ ያህል ዳኞች ፊት ቀርቦ ሲፈረድበት ግን፣ ሠላሳ ድምፅ ብቻ ወደዚህ ቢዞር ኖሮ ነጻ እወጣ ነበር ብሎ ቆጠራውን እንደ ተመልካች ሲያወራ፣ ቀልዱ የት ላይ እንደሚያበቃ ይጠፋኛል። ለማንኛውም እኔ ለፋሲካ ቤት ይዤው የገባሁት ግማሹን ሶቅራጥስ ነበር፤ የሚጠይቀውን እንጂ የሚጠየቀውን አልነበረም።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ፕላቶ ነው። የእሱን ትምህርት ሁሉም በመጠኑ ያውቀዋል፤ ቆንጆ ማሰሮ ይሰበራል፣ ቆንጆ ፊት ይጨማደዳል፣ ውበት ራሱ ግን የማያረጅ ሆኖ ከዚህ ዓለም ባሻገር ይኖራል። ሁሉም ነገር በዚያ ያለውን የማያረጅ አርአያውን፣ ፎርሙን፣ ይመስላል። ይህን ዕድሜውን የፈጀበትን ትምህርት ይዞ ፓርሜኒደስ የተባለ ድርሰት ጻፈ፤ በድርሰቱ ውስጥ ስድሳ አምስት ዓመት የሆነው ሽማግሌ ፓርሜኒደስ ወጣቱን ሶቅራጥስን ያፋጥጠዋል። እስቲ ንገረኝ፣ የጠጉርም ፎርም አለ ወይ? የጭቃስ? የእድፍስ? ወጣቱ አፍሮ የለም ይላል፤ ነገሩ ግን ሲከነክነኝ ኖሯል ብሎ ያምናል። ሽማግሌው ይቀጥላል። ትልልቆቹን ነገሮች ትልቅ ያደረጋቸው «ትልቅነት» ከሆነ፣ ትልቅነትንና እነዚያን ነገሮች አንድ ላይ ትልቅ የሚያደርግ ሌላ ትልቅነት ያስፈልጋል፤ ለዚያም ሌላ፣ ለሌላውም ሌላ፤ ማለቂያ የለውም። ወጣቱ መልስ ያጣል። ፕላቶም እዚያው ላይ መልስ አያቀብለውም። ያስተማረውን መምህር ጀግና አድርጎ፣ የገዛ ትምህርቱን ተከሳሽ አድርጎ፣ ሁለቱም ሲረቱ በገዛ እጁ ጻፈው። አባባ ቢሰማ «መዝገቡን ለባላጋራው ጠበቃ ያስረከበ ሰው» ይለው ነበር።

አሪስጣጣሊስ ሃያ ዓመት ከፕላቶ ትምህርት ቤት ተቀምጦ ከወጣ በኋላ በዚያው ትምህርት ላይ ተነሣ፤ ወዳጆቼን እወዳለሁ፣ እውነትን ማስቀደም ግን ግዴታዬ ነው የሚል ይቅርታ መሰል ነገር አስቀድሞ። ኤፒኩሮስ ሴቶችና ባሮች ሳይቀሩ በሚገቡበት የአቴንስ አትክልት ቦታው ሲያስተምር፣ በጋራ ክርክር ላይ ይበልጥ የሚያተርፈው የተረታው ነው፣ አዲስ ነገር የተማረው እሱ ነውና የሚል ሐሳብ ትቶልናል። ይህ አባባሉ ያለበት ቅጂ በ1888 በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ባይገኝ ኖሮ፣ የዚህ ደብዳቤ ግማሹ ባልተጻፈ። ስቶይኮቹን እዘላቸዋለሁ። ባሪያ የነበረው ኤፒክቴተስና ንጉሠ ነገሥቱ ማርከስ ኦሬሊየስ የአንድ ትምህርት ልጆች መሆናቸው ደስ ይለኛል፤ ግን ስለነሱ ዛሬ በየሞባይሉ የሚያወራ አልጠፋም።

ቶማስ አኩዊናስን ሳነብ የደብሩ መምህር ትዝ ይሉኛል። በእኛ አንድምታ መምህሩ «ምነው ቢሉ» ብሎ የጠያቂውን ቃል ራሱ ያነሣል፤ ከዚያ አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው እያለ ይዘረዝራል። አኩዊናስም በ1265 በጀመረው ታላቅ መጽሐፉ እያንዳንዱን ጥያቄ የሚከፍተው በተቃዋሚዎቹ ሙግት ነው፤ ያውም እነሱ ራሳቸው ሊናገሩት ከሚችሉት አሳምሮ። የራሱን መልስ ኋላ ያመጣዋል። እግዚአብሔር የለም የሚለውን ሙግት እንኳ እሱ መኖሩን ከማስረዳቱ በፊት አስፍሮታል። ባላጋራን እንዲህ ማስቀደም በእኛ ችሎትም፣ በእኛ ቴሌቪዥንም አላየሁም።

ዴካርትን ያወቅኩት ሁሉን ጠርጥሮ የሚጠረጥረውን ራሱን ግን መጠርጠር ያቃተው ሰው ሆኖ ነው። የወደድኩት ግን በ1641 ያሳተመውን መጽሐፍ ከነተቃዋሚዎቹ ጽሑፍ አንድ ላይ መጠረዙን ሳውቅ ነው። ከሁሉ የበለጠችው ጠያቂ ደግሞ ከመጽሐፉ በኋላ የመጣችው ነች፤ የቦሄሚያዋ ልዕልት ኤልሳቤጥ። አባቷ ዙፋኑን በ1620 ተነጥቆ ቤተሰቡ ሆላንድ ተሰዷል። በግንቦት 1643፣ በሃያ አራት ዓመቷ፣ ለዴካርት ደብዳቤ ጻፈች። ነፍስ የምታስብ ብቻ ከሆነች፣ ስፋትና ክብደት ከሌላት፣ ሥጋን እንዴት አድርጋ ታንቀሳቅሰዋለች? የሚገፋ ነገር መንካት የለበትም ወይ? ዴካርት ክብደት ድንጋይን ሳይነካው ወደ ታች እንደሚያወርደው አስቢው ብሎ መለሰላት። እሷም በቀጣዩ ደብዳቤ የቤተሰቧ ጣጣና የማይቀር የእንግዳ ወሬ ጊዜ እንደነሷት ጠቅሳ፣ መልሱ ግን እንዳልገባት፣ ረቂቅ ነገር ግዙፉን ያንቀሳቅሳል ከማለት ነፍስ ራሷ ግዙፍ ነች ማለት እንደሚቀላት ነገረችው። ሰውዬው በመጨረሻ፣ እንዲህ ያለውን ነገር በዓመት ጥቂት ሰዓት ብቻ ማሰብ ይበቃል ብሎ መከራት! ተረትቷል፤ አፉ ግን አላወጣውም። ቢሆንም መጻጻፉን አላቋረጠም፤ በ1649 ያሳተመው ስለ ስሜቶች የጻፈው መጽሐፍ የዚያ ደብዳቤ ፍሬ ነው። ጥያቄዋ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። አእምሮና አንጎል ምንና ምን ናቸው ብሎ የሚጨነቅ የዘመኑ ምሁር ሁሉ የእሷን ፖስታ ነው የሚከፍተው።

ከዚያ ወዲህ ቤትሽ ለሁለት ተከፈለ። እነ ዴካርትና ስፒኖዛ ዕውቀት ከአእምሮ ነው ሲሉ፣ እነ ሎክ የለም፣ ከዓይንና ከጆሮ ነው አሉ። የስኮትላንዱ ዴቪድ ሂዩም ሁለተኛውን መንገድ እስከ ጫፉ ሄደበት። አንዱ የከረንቡላ ኳስ ሌላውን ሲመታ ምን ታያለህ? መጀመሪያ አንዱ ሄደ፣ ቀጥሎ ሌላው ሄደ። «አስገደደው» የሚለውን በዓይንህ አላየኸውም፤ ልማድ ነው የጨመረልህ። ከኮኒግስበርግ ብዙም የማይወጣው ካንት ይህን ሲያነብ ከእንቅልፉ እንደነቃ በ1783 በግልጽ ጽፏል። ምክንያትና ውጤትን ከውጭ አንለቅማቸውም፣ አእምሯችን ዓለምን የሚቀበልበት ሥርዓት ናቸው የሚለው የእሱ ትምህርት፣ ለአንድ ሽንፈት የተሰጠ የአሥር ዓመት መልስ ነው። ሂዩም ራሱም በ1740 በገዛ መጽሐፉ ላይ አባሪ ጨምሮ፣ «እኔ» የምንለው ነገር ምን እንደሆነ የጻፍኩት አላረካኝም፣ የማርምበትንም መንገድ አላገኘሁም ብሏል። እስቲ የትኛው ደራሲ ነው እንዲህ የሚያደርግ?

እዚህ ላይ ግን አንድ ቅያሜ አለኝ፤ በምስጋና ደብዳቤ ቅያሜ መጻፍ ነውር ቢሆንም ካንቺ አልደብቅም። ይኸው «እኔ» ማን እንደሆነ ያልገባው ሂዩም፣ ጥቁር ሰው በተፈጥሮው የበታች ነው ብሎ በ1753 በግርጌ ማስታወሻ ጻፈ። ስለ ራሱ የጠረጠረ ሰው ስለ እኔ አልጠረጠረም። የአገሩ ሰው ጄምስ ቢቲ በ1770 ማስረጃ አቅርቦ ሞገተው፤ ሂዩም ማስታወሻዋን ነካ ነካ አደረጋት እንጂ አልሰረዛትም። ካንትም በዚያው ነገር ሂዩምን ተከተለው። ያኔ ግን ከዛሬዋ ጋና ምድር የሄደው አንቶን ቪልሄልም አሞ በሃሌና በየና ዩኒቨርሲቲዎች ፍልስፍና አስተምሮ ነበር፤ በ1734 የጻፈውም ስለ ሰው አእምሮ፣ ያውም የዴካርትን ሐሳብ እየሞገተ ነው። ጎረቤት ሆኖ አልታየም። ልጆችሽ የማይረቱበት አንድ ጓዳ እንደነበራቸው ስነግርሽ ሳትቆጪ እንደምትሰሚኝ አውቃለሁ፤ ይህን መታዘብ ያስተማርሽኝም አንቺው ነሽ።

ማርክስን ሳላነሣ ባልፍ ያለፈው ትውልድ ይታዘበኛል። ወደ አገራችን በብዛት የገባሽው በእሱ በኩል ነው፤ ርዕዮተ ዓለም፣ ንቃተ ኅሊና የሚሉት ቃላት ዛሬ ያለ ሐሳብ የምንጠራቸው ከዚያ ዘመን ወዲህ ነው። በ1960ዎቹ፣ ይኼ እንኳ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ኢሕአፓና መኢሶን የተባሉት ፓርቲዎች አንዱን ማርክስ ይዘው በልሳኖቻቸው፣ በዴሞክራሲያና በሰፊው ሕዝብ ድምፅ፣ ተሟገቱ። ሙግቱ በጥይት አለቀ። አጎቴ መጻሕፍቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ጓሮ ቀበራቸው፤ ኋላ ቆፍሮ ሲፈልግ ቦታው ጠፋው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲከራከር ከሰማ ተነሥቶ ይወጣል።

አሁን ወደ አባባ ልመለስ። ጡረታ ከወጣ በኋላ አንድ ከሰዓት ብቻችንን ተቀምጠን፣ የመዝገብ ቤት ሰው ነውና በመዝገብ አስመስዬ አንድ ነገር ነገርኩት። «አባባ፣ አንዳንድ መዝገብ የራሱንም ስም በውስጡ ይጽፋል፤ ሌላው አይጽፍም። የራሳቸውን ስም የማይጽፉትን መዝገቦች ሁሉ የምትመዘግብበት አዲስ መዝገብ ክፈት ብትባል፣ የእሱን ስም እዚያው ትጽፈዋለህ?» አሰበ። ከጻፈው፣ ራሱን የሚጽፍ ስለሆነ መውጣት አለበት። ካልጻፈው፣ ራሱን የማይጽፍ ስለሆነ መግባት አለበት። ብዙ ዝም አለና «ይህን መዝገብ የከፈተውን ሰው ነበር መክሰስ» አለኝ።

የከፈተው ጎትሎብ ፍሬገ ነው አልኩት። የቁጥር ሒሳብን በሎጂክ መሠረት ላይ ሊያቆም ብዙ ዓመት የደከመ ጀርመናዊ። የዚሁ ሥራው ሁለተኛ ቅጽ ማተሚያ ቤት ገብቶ ሳለ፣ ሰኔ 16 ቀን 1902 ሠላሳ ዓመት የሞላው ራስል፣ ያ የእኔ መጽሐፍ ደራሲ፣ ይህችን እንቆቅልሽ በደብዳቤ ላከለት። መሠረቱ ተሰነጠቀ።

አባባ ጋቢውን አስተካከለና፣ በልጅነቴ ሁሉ ሰምቼው የማላውቀውን ጥያቄ ጠየቀኝ። «የተረታውስ ሰውዬ? ምን አለ?»

በስድስተኛው ቀን መለሰለት አልኩት። እጅግ እንደደነገጠ፣ ሊገነባበት ያሰበው መሬት እንደተናወጠ፣ ግኝቱ ግን ለሎጂክ ትልቅ እርምጃ ሊሆን እንደሚችል ጻፈለት። በ1903 በወጣው ቅጽም መጨረሻ ላይ የራሱን ሽንፈት በዝርዝር አብራርቶ አሳተመ። ራስል ከስድሳ ዓመት በኋላ እንኳ ይህን የሚያህል ታማኝነት አላየሁም ብሎ መስክሮለታል። ይኸው ፍሬገ በ1924 በያዘው የግል ማስታወሻ አይሁዳውያንን የሚጠላ ነገር መጻፉን ለአባባ አልነገርኩትም፤ ለአንቺ ነው የምነግርሽ።

አባባ ምንም አላለም። እኛ አገር እንደሚደረገው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገና ራሱን ነቀነቀ። ይህ ምልክቱ ፈላስፋውን ቪትገንስታይንን አስታወሰኝ፤ በ1921 ባሳተመው መጽሐፉ ቋንቋ የዓለም ሥዕል ነው፣ ሥዕሉም ሎጂካዊ ቅርጽ አለው ብሎ፣ ፍልስፍናን ጨረስኩ ብሎ፣ የገጠር ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ነበር። ኋላ ካምብሪጅ ሲመለስ ጣሊያናዊው ኢኮኖሚስት ፒዬሮ ስራፋ አገጩን በጣቶቹ ጠረግ አድርጎ፣ በአገሩ የንቀት ምልክት ነው፣ «የዚህ ሎጂካዊ ቅርጹ ምንድን ነው?» እንዳለው ይወራል። ቪትገንስታይን በ1953 ከሞቱ በኋላ በወጣው መጽሐፉ መግቢያ ላይ የመጀመሪያው መጽሐፉ ከባድ ስሕተቶች እንዳሉበት አምኖ ስራፋን አመስግኗል። የአባባን ትንፋሽ ቢሰማ ምን ይል ይሆን? «አዎ» ነው፣ «ይገርማል» ነው፣ ወይስ የዚያን ፋሲካ ቡና ይቅር ብሎኛል?

ኒቼንና ሳርትርን የሚወዱልሽ ወጣቶች ዘለልካቸው ብለው ይቆጡኛል። ሄግልንም አላነሣሁም፤ ምክንያቱን ታውቂዋለሽ። ባለፈው ቅዳሜ ግን አንድ አዟሪ ያንኑ የራስልን መጽሐፍ ሙሉውን ይዞ መጣ። ገልጬ አየሁት፤ ሄግል አለበት። የጠራብኝ ዋጋ የማይቀመስ ነው። ማንም የማያነበው ምዕራፍ ነው ብዬ ብሟገተው፣ «ታዲያ ለምን ፈለግከው?» አለኝ። ነገ እመለሳለሁ ብዬ ነው የተለየሁት።

አክባሪሽ